ሕዝቡ ተለወጠ ወይስ ጥያቄው?

እህል ሸምቶ የሚያውቅ ሰው ሁሉ እንደሚመሰክረው፣ የገበያ ጠብ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ከእህሉ ሳይሆን ከቁናው ነው። ያንዱ አገር ቁና ከሌላው አገር ቁና ይበልጣል ወይም ያንሳል፤ አንዱ ነጋዴ እስኪትረፈረፍ ሞልቶ ሲሰፍር ሌላው በአፉ ልክ ጠርጎ ይሰፍራል። ስለዚህ አምና ዐሥር ቁና የሆነው ጤፍ ዘንድሮ ስምንት ቢሆን፣ «ጤፉ ጐደለ» ብሎ ከመጮህ በፊት ቁናውን መመርመር የብልህ ሥራ ነው።

ይህ ለማንም ግልጽ ነው። ሆኖም የሚሰፈረው እህል መሆኑ ቀርቶ ሰው ሲሆን፣ ይልቁንም የሚቈጠረው «ነጭ ነኝ»፣ «ጥቁር ነኝ»፣ «ክልስ ነኝ» የሚለው የሰው ቃል ሲሆን፣ ታላላቅ መንግሥታት እንኳ ቁናውን ረስተው ስለ እህሉ ብቻ ሲከራከሩ ይታያሉ። ዛሬ በዚህ ዓምድ ለአንባቢዎቻችን ልናቀርብ ያሰብነው ይህንኑ ጉዳይ ነው፤ ይኸውም የሕዝብ ቈጠራና የጥናት ሠራተኞች የሰውን ዘር እንዴት እንደሚመዘግቡ፣ መልሱም ከቈጠራ ወደ ቈጠራ ለምን እንደሚለዋወጥ፣ መለዋወጡስ ማንን እንደሚጐዳ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

የቈጣሪው ዓይን

በአሜሪካ የመጀመሪያው የሕዝብ ቈጠራ የተደረገው በ1790 ነው። ያን ጊዜ በመዝገቡ ላይ የነበሩት ዓምዶች ጥቂት ነበሩ፤ ነፃ የሆኑ ነጭ ወንዶች በሁለት የዕድሜ ክፍል፣ ነፃ የሆኑ ነጭ ሴቶች፣ ሌሎች ነፃ ሰዎች፣ በመጨረሻም ባሮች። ባሪያውን «አንተስ ራስህን ምን ትላለህ?» ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ቈጠራውም ለዕውቀት ያህል ብቻ የተደረገ አልነበረም። የምክር ቤት መቀመጫና ቀጥተኛ ግብር ለየግዛቱ ሲደለደል አምስት ባሮች እንደ ሦስት ሰው እንዲቈጠሩ ሕገ መንግሥቱ ደንግጎ ስለ ነበር፣ በየዓምዱ የሚገባው ቍጥር ሥልጣን ማለት ነበር። እንግዲህ ዘርን የሚመዘግብ ቅጽ ገና ከጥንቱ የአስተዳደር መሣሪያ እንደ ነበረ አንባቢ ልብ ይበል።

በ1850 ደግሞ ከ«ጥቁር» ሌላ «ሙላቶ» የሚባል ክፍል ተጨመረ፤ ይህም ከነጭና ከጥቁር የተወለደውን ክልስ ለማመልከት ነው። አከፋፈሉ እየረቀቀ ሄዶ በ1890 ወደ አስደናቂ ደረጃ ደረሰ። በዚያ ዓመት ለቈጣሪዎች የተሰጠው መመሪያ፣ ሦስት አራተኛና ከዚያ በላይ የጥቁር ደም ያለበትን «ጥቁር»፣ ከሦስት ስምንተኛ እስከ አምስት ስምንተኛ ያለበትን «ሙላቶ»፣ አንድ አራተኛ ያለበትን «ኳድሩን»፣ አንድ ስምንተኛ ወይም ጥቂት ምልክት እንኳ ያለበትን «ኦክቶሩን» ብለው እንዲጽፉ ያዝዝ ነበር። ቈጣሪው ግን በየደጃፉ ቆሞ የሚያየው ፊት ነው እንጂ ደም አይደለም፤ ስምንተኛውን የሚለይበት ሚዛንም በኮሮጆው አልነበረውም። ባየው መልክ፣ በሰማው ወሬና በራሱ ግምት ይጽፍ ነበር።

ይህ አሠራር ብዙ አልቈየም። በ1900 ክልስ የሚለው ክፍል ሁሉ ተሰርዞ በ1910 «ሙላቶ» ተመልሶ ገባ። በ1910 ከጥቁሮቹ ሕዝብ መካከል ሙላቶ ተብለው የተጻፉት 2 ሚሊዮን ያህል፣ ማለት ከመቶ 20.9 ነበሩ። በ1920 ግን ቍጥሩ ወደ 1.66 ሚሊዮን፣ ማለት ወደ ከመቶ 15.9 ዝቅ አለ። ወደ 400,000 የሚጠጋ ሕዝብ በዐሥር ዓመት ውስጥ ወዴት ገባ? ሞቶ አለቀ እንዳንል የዚያን ያህል እልቂት አልደረሰም። ከፊሎቹ ነጭ ተብለው፣ ከፊሎቹም ጥቁር ተብለው በሌላ ዓምድ ገብተዋል፤ የፊተኛው ቈጣሪ ዓይን ክልስ ያለውን የኋለኛው ቈጣሪ ዓይን ጥቁር ብሎታል። በመጨረሻም በ1930 «ሙላቶ» ጨርሶ ተሻረና፣ ምንም ያህል ጥቂት ቢሆን የጥቁር ደም ያለበት ሁሉ ጥቁር ተብሎ እንዲጻፍ ታዘዘ።

ነገሩ ይበልጥ እንዲገባን በ1885 የተወለደ፣ ከአራቱ አያቶቹ አንዲቱ ብቻ ጥቁር የሆነችለት አንድ ሰው በሐሳባችን እናቁም። መመሪያው በትክክል ቢፈጸምበት፣ ይህ ሰው በአምስት ዓመቱ ኳድሩን፣ በዐሥራ አምስት ዓመቱ ጥቁር፣ በሃያ አምስት ዓመቱ ሙላቶ፣ በአርባ አምስት ዓመቱ ደግሞ እንደ ገና ጥቁር ነው። አያቱ አልተለወጠችም፤ መልኩም አልተለወጠም። ሜክሲኮዎችንም ያገኛቸው ይኸው ነው። በ1930 «ሜክሲካዊ» የሚባል የዘር ክፍል ተፈጥሮላቸው 1.4 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዘገበበት፤ እነርሱም የሜክሲኮ መንግሥትም ስለ ተቃወሙ በ1940 ክፍሉ ቀረና አብዛኞቹ ከነጮች ጋር ተቈጠሩ።

ብዕሩ ወደ ባለቤቱ ሲዛወር

ከ1960 ወዲህ ነገሩ መልኩን ለወጠ። በዚያ ዓመት ቅጹ በፖስታ ለየቤቱ መላክ ጀመረ፤ በ1970ም አሠራሩ ይበልጥ ተስፋፋ። ስለዚህ ዘርን የሚጽፈው ቈጣሪው መሆኑ ቀርቶ ባለቤቱ ራሱ ሆነ። ይህ በመሠረቱ ታላቅ መሻሻል ነው፤ ሰው ስለ ራሱ የመናገር መብት አገኘ። ነገር ግን ሰፋሪው ሲለወጥ ስፍሩም መለወጡ አልቀረም።

ለዚህ ከሁሉ የሚበልጠው ምስክር የነባሮቹ የአሜሪካ ሕንዶች ቍጥር ነው። ከአላስካ ነባር ሕዝቦች ጋር በ1960 552,000 ያህል የነበሩት፣ በ1970 827,000፣ በ1980 1.42 ሚሊዮን፣ በ1990 1.96 ሚሊዮን ሆኑ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ከሦስት እጥፍ በላይ ጨመሩ ማለት ነው። የልደትና የሞት መዝገብ ሲመረመር ይህን ያህል ሕፃን አልተወለደም፤ ከውጭ አገር እንዳይመጡም አገራቸው ያው አሜሪካ ነው። የሆነው እንዲህ ነው፦ ቀድሞ ቈጣሪው «ነጭ» ብሎ ያለፋቸው ብዙ ሰዎች ብዕሩ በእጃቸው ሲገባ «ሕንድ» ብለው ጻፉ። በዚያው ዘመን የተነሣው የመብት ንቅናቄም ቀድሞ የሚደበቀውን ትውልድ የሚያኰራ አደረገው።

በ1997 መመሪያው እንደ ገና ተሻሽሎ አንድ ሰው ከአንድ የበለጠ ዘር እንዲያመለክት ተፈቀደ። በ2000 ቈጠራ እንዲህ ያደረጉት 6.8 ሚሊዮን፣ ከመቶ 2.4 ነበሩ፤ በ2010 9 ሚሊዮን፣ ከመቶ 2.9 ሆኑ። በ2020 ግን በአንድ ጊዜ 33.8 ሚሊዮን፣ ከመቶ 10.2 ደረሱ። ይህን የሰማ ሰው «አሜሪካኖች በዐሥር ዓመት ውስጥ እርስ በርሳቸው ተጋብተው ተደባለቁ!» ቢል አይፈረድበትም። ዳሩ ግን በ2020 ቅጽ ላይ «ነጭ» እና «ጥቁር» ከሚለው ሥር የትውልድ አገር የሚጻፍበት መስመር ተጨምሯል፤ ቀድሞ ከጽሑፉ 30 ፊደል ብቻ ይነበብ የነበረው እስከ 200 ፊደል እንዲነበብ፣ ለአንድ ሰውም እስከ ስድስት መለያ እንዲሰጥ ተደርጓል። ስለዚህ «ነጭ» ላይ ምልክት አድርጎ ከሥሩ ሌላ ዘር የሚያሰኝ የትውልድ አገር የጻፈ ሰው፣ ባለ ሁለት ዘር ሆኖ ተቈጠረ። የቈጠራው መሥሪያ ቤት ራሱ ልዩነቱ በአብዛኛው ከጥያቄው አቀራረብና ከአሠራሩ መሻሻል የመጣ መሆኑን፣ ከፊሉም እውነተኛ የሕዝብ ለውጥ መሆኑን አስታውቋል። ይህን ማስታወቂያ ግን ቍጥሩን የሰማው ሁሉ አልሰማውም።

እዚህ ላይ የእኛም ስም ይነሣል። በዚያው በ2020 ቅጽ «ጥቁር ወይም አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ከሚለው ሥር ለምሳሌ ያህል ከታተሙት ስሞች አንዱ «ኢትዮጵያዊ» የሚል ነው። በአገሩ «ጠይም» ወይም «ቀይ» ይባል የነበረ ሰው በዋሽንግተን ይህ ቅጽ ሲደርሰው፣ መልኩን ይሁን፣ አህጉሩን ይሁን፣ የባርነት ታሪክን ይሁን የተጠየቀው ለራሱ መተርጐም አለበት። ቅጹን ደግሞ ብዙ ጊዜ ለቤተሰቡ ሁሉ የሚሞላው አንድ ሰው ነው። አባት ለዐሥር ዓመት ልጁ «ኢትዮጵያዊ» ብሎ የጻፈውን፣ ልጁ ሃያ ዓመት ሲሞላው በራሱ እጅ «አፍሪካዊ አሜሪካዊ» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ከሁለቱ ዋሾ የለም፤ ተናጋሪው ግን ተለውጧል።

እንዲህ ያለው መለዋወጥ ምን ያህል እንደ ሆነ በ2017 የወጣ አንድ ጥናት ገልጦታል። አጥኚዎቹ የ162 ሚሊዮን ሰዎችን የ2000 እና የ2010 መልስ አንድ ባንድ ቢያስተያዩ፣ 9.8 ሚሊዮን የሚሆኑት፣ ማለት ከመቶ 6.1፣ ስለ ዘራቸው ወይም ስለ ሂስፓኒክ ትውልዳቸው የሰጡት መልስ የተለያየ ሆኖ ተገኘ። ልብ ማለት የሚገባው፣ ነጭ ብቻ፣ ጥቁር ብቻ ወይም እስያዊ ብቻ የተባሉት መልሳቸውን የሚለውጡት በጥቂቱ ነው፤ በብዛት የሚለዋወጠው የሕንዶቹ፣ የፓሲፊክ ደሴቶች ተወላጆችና የባለ ብዙ ዘሮች መልስ ነው። ስሕተቱ ለሁሉ እኩል የሚዳረስ ቢሆን ጉዳቱ በቀለለ ነበር፤ የሚከማቸው ግን በትንንሾቹ ሕዝቦች ላይ ነው።

አንድ ሕፃን በሁለት መዝገብ

«ታዲያ ቢለዋወጥ ምን ጉዳት አለው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጉዳቱን ለማየት ወደ ሕፃናት ሞት መዝገብ መሄድ ነው።

የሕፃናት ሞት መጠን የሚገኘው የሞቱትን ቍጥር ለተወለዱት ቍጥር በማካፈል ነው። ልደት ሲመዘገብ ስለ ዘር የሚናገረው ወላጅ ነው፤ ሞት ሲመዘገብ ግን በአሜሪካ ቅጹን የሚሞላው የቀብር አስፈጻሚው ነው፤ እርሱም ቤተሰቡን መጠየቅ ሲገባው ባየው መልክ የሚጽፍበት ጊዜ አለ። እንግዲህ ላይኛው ቍጥር በአንድ ቁና፣ ታችኛው ቍጥር በሌላ ቁና ተሰፈረ ማለት ነው። በ1992 የታተመ አንድ የሕክምና ጥናት ከ1983 እስከ 1985 ተወልደው የሞቱትን ሕፃናት ሁለቱን መዝገብ አጋጥሞ ተመለከተ። ሁለቱ መዝገቦች የተለያየ ዘር የጻፉላቸው፣ ከነጭ ሕፃናት ከመቶ 1.2፣ ከጥቁሮች ከመቶ 4.3 ሲሆኑ፣ ከሌሎቹ ዘሮች ግን ከመቶ 43.2 ሆነው ተገኙ።

ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ እናስተውል። ሕንድ ሆኖ የተወለደ ሕፃን ነጭ ሆኖ ይቀበራል። በልደት መዝገብ ለሕንዶች ሕዝብ ይቈጠራል፤ በሞት መዝገብ ግን ከእነርሱ ይቀነሳል። ስለዚህ በወረቀት ላይ የሕንድ ሕፃናት ከእውነቱ ይልቅ ጥቂት ብቻ የሚሞቱ ይመስላል። አጥኚዎቹ ለሁለቱም አንድ መለኪያ ሲጠቀሙ፣ የሕንድ ሕፃናት የሞት መጠን ቀድሞ ይነገር ከነበረው ወደ ግማሽ በሚጠጋ ከፍ ብሎ ተገኘ። የጤና ሹም በጀት ሲደለድል፣ አዋላጅና ሐኪም ወዴት እንደሚልክ ሲወስን የሚያየው ይህንኑ ወረቀት ነው። በመዝገብ ያልታየ ሞት ሐኪም አያስልክም።

የልደቱም መዝገብ ቢሆን በአንድ ደንብ ጸንቶ የኖረ አይደለም። በአሜሪካ ቀድሞ ከወላጆቹ አንዱ ነጭ ያልሆነ ሕፃን በዚያ ወላጅ ዘር ይቈጠር ነበር። ከ1989 ጀምሮ ግን ልደት በእናቲቱ ዘር እንዲቈጠር ተደረገ። ከነጭ እናትና ከጥቁር አባት የተወለደ ሕፃን በ1988 ከጥቁሮች፣ በ1989 ከነጮች ልደት ገባ። የሁለቱን ዓመታት ሠንጠረዥ ጐን ለጐን አድርጎ «የነጮች ልደት ጨመረ» የሚል ጸሐፊ፣ የደንብ ለውጥን የሕዝብ ለውጥ አድርጎ ማቅረቡ ነው።

የብራዚል አሠራር

በእኛ አገር «ቀይ»፣ «የቀይ ዳማ»፣ «ጠይም»፣ «ጥቁር» ስንል የሰውን መልክ መናገራችን እንጂ ዘሩን መለየታችን አይደለም፤ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ወንድማማች አንዱ ቀይ፣ አንዱ ጠይም ይባላሉ። የብራዚሎችም አነጋገር ለዚህ የቀረበ ነው። በ1976 የብራዚል መንግሥት ባደረገው የቤተሰብ ጥናት ሰዎች የመልካቸውን ስም በገዛ ቃላቸው እንዲናገሩ ቢጠየቁ፣ ከ130 በላይ የሆኑ የተለያዩ ስሞች ተሰበሰቡ። ይህን ሁሉ ስም በሠንጠረዥ ማስገባት ስለማይቻል፣ በ1980 ቈጠራ ነጭ፣ ጥቁር፣ «ፓርዶ» የሚባለው ክልስና ቢጫ የሚሉት ጥቂት ክፍሎች ቀረቡ፤ በ1991 ነባር ሕዝብ የሚል አምስተኛ ተጨመረ። ከዚያ ወዲህ እነዚህ አምስት ቃላት አልተነኩም።

የዚህ ጽናት ፍሬ በ2022 ቈጠራ ታየ። በ2010 ነጮች ከመቶ 47.7፣ ፓርዶዎች ከመቶ 43.1፣ ጥቁሮች ከመቶ 7.6 ነበሩ። በ2022 ፓርዶዎች ከመቶ 45.3 ሆነው አንደኛ ሲወጡ ነጮች ወደ 43.5 ዝቅ አሉ፤ ጥቁሮችም ወደ 10.2 ከፍ አሉ። በዐሥራ ሁለት ዓመት ውስጥ ጥቁር ሕፃናት ብቻ በዝተው ስለ ተወለዱ እንዲህ ሊሆን አይችልም። ጥያቄው ግን ያው ስለ ነበር፣ የተለወጠው የሰዎቹ ስለ ራሳቸው ያላቸው አስተያየት ነው ብሎ መናገር ይቻላል። የአሜሪካው የ2020 ቍጥር ይህን ያህል በድፍረት አያናግርም።

ነባር ሕዝቦቻቸውንም ሲቈጥሩ ብራዚሎች ጥሩ ዘዴ ተጠቅመዋል። በመልክ ጥያቄው ነባር ሕዝብ ነን ያሉት በ2022 1.2 ሚሊዮን ናቸው። በነባር ሕዝቦች መኖሪያ አካባቢ «ራስህን ከነባር ሕዝብ ትቈጥራለህን?» የሚል ሁለተኛ ጥያቄ ሲጨመር ግን ድምሩ 1.7 ሚሊዮን ያህል ሆነ። አዲሱ ጥያቄ አሮጌውን ሳይሽር ከጐኑ ስለ ገባ፣ የሚፈልግ ሁሉ ሁለቱን ቍጥሮች ለይቶ ሊያያቸው ይችላል።

ጽናት ሲባል

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር አለብን። መለዋወጥ የሰለቸው ሹም «እንግዲያውስ የእያንዳንዱን ሰው ዘር አንድ ጊዜ ወስነን እንዝጋው» ሊል ይችላል። ይህ በደቡብ አፍሪካ ተሞክሯል። በ1950 የወጣው የሕዝብ ምዝገባ ሕግ እያንዳንዱን ሰው ነጭ፣ ክልስ ወይም የአገሩ ተወላጅ ብሎ መዘገበው። በመልኩ የሚያጠራጥር ሰው ሲገኝ ጠጕሩ ውስጥ እርሳስ ይሰኩ ነበር፤ እርሳሱ ቢወድቅ ወይም ቢቀር የሰውዬው የመኖሪያ ሰፈር፣ የሚማርበት ትምህርት ቤትና የሚያገባት ሴት በዚያ ይወሰን ነበር። ወንድማማቾች እንኳ በተለያየ ዘር ተመዝግበው ተለያይተዋል። ሕጉ የተሻረው በ1991 ነው፤ በ1996 ቈጠራ ሰዎች ዘራቸውን ራሳቸው እንዲናገሩ ተደረገ። ፈረንሳይ ደግሞ በተቃራኒው በ1978 ሕግ የዘር መረጃ መሰብሰብን በመሠረቱ ከልክላለች። ይህም ክፉ መዝገብ እንዳይኖር ይጠቅማል፤ ነገር ግን «በመልኬ ምክንያት ሥራ ተከለከልሁ» የሚል ሰው አቤቱታውን በቍጥር ለማስረዳት ይቸገራል።

እንግዲህ ሊጸና የሚገባው መለኪያው ነው። ሰውን በአንድ ዓምድ ቸንክሮ ማስቀረት መለኪያን ማጽናት አይደለም። ለዚህም የሚያስፈልጉት ጥቂት ቀላል ነገሮች ናቸው። የጥያቄው ቃል፣ የምርጫዎቹ ቅደም ተከተልና የመልስ መቀበያው መንገድ ከጥናት ወደ ጥናት አንድ ይሁን። መለወጥ ግድ ሲሆን፣ አሮጌውና አዲሱ ጥያቄ ለተመረጡ ሰዎች በአንድነት ቀርቦ ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገሪያ ይዘጋጅ። መልሱን የሰጠው ባለቤቱ፣ አባቱ፣ ጐረቤቱ ወይም ቈጣሪው እንደ ሆነ በቅጹ ላይ ይጻፍ። ከተጠየቁት ጥቂቶቹ ከጊዜ በኋላ እንደ ገና ተጠይቀው የመልሱ ጽናት ይለካ። የሚካፈለውና አካፋዩ ቍጥር ከአንድ ዓይነት መዝገብ ይምጣ። በመጨረሻም የጥያቄው ለውጥ በመጽሐፉ ጀርባ ተደብቆ ሳይቀር በሠንጠረዡ ራስጌ ላይ ይታተም።

በአሜሪካ በ2024 መመሪያው እንደ ገና ተሻሽሎ፣ የዘርና የሂስፓኒክ ትውልድ ጥያቄ አንድ እንዲሆን፣ የመካከለኛው ምሥራቅና የሰሜን አፍሪካ ተወላጆችም ለብቻቸው እንዲቈጠሩ ታዝዟል። ይህ በሥራ ሲውል ከነጮቹ ቍጥር የሚወጣ ሕዝብ መኖሩ አይቀርም፤ የወጣውም ሕዝብ ከቤቱ ንቅንቅ አላለም። በአገራችንም በ1994 እና በ2007 የተደረጉት ቈጠራዎች የሰውን ብሔረሰብ ጠይቀዋል። ጥያቄው ስለ ዘር አይደለም፤ ግን «ማን መለሰ? በምን ቃል ተጠየቀ? ከሁለት ብሔረሰብ የተወለደው ወዴት ገባ?» የሚለው ምርመራ ለዚህም ይሠራል።

ዛሬ በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ የሚያረቅቁት፣ በየትምህርት ቤቱም ለመመረቂያ ጽሑፋቸው መጠይቅ ይዘው የሚዞሩት በአብዛኛው የዚህ ገጽ አንባቢዎች ናቸው። ሁለት ዓመታት የሚያነጻጽር ሠንጠረዥ በጠረጴዛችሁ ላይ ሲቀመጥ፣ ቍጥሩን ወደ ራፖርታችሁ ከመገልበጣችሁ በፊት የሁለቱን ዓመታት ባዶ ቅጽ አስመጡና ጐን ለጐን አንብቡ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። ያን ግማሽ ሰዓት የሚተጋ ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚደርስ፣ ሕንድ ሆነው ተወልደው ነጭ ሆነው የተቀበሩት ሕፃናት ያስረዱናል።